በቡታጋዝ ወደ ሞጣ

እናቴ ያቺን መኪና አንድም ቀን መኪና ብላ ጠርታት አታውቅም። «ያቺ» ነበር የምትላት። «ያቺን ከደጄ አንሣልኝ»፣ «ያቺ ዛሬም አልነሣም አለች?»፣ «ከእኔና ከያቺ ምረጥ»። የቢቸና ሰው ደግሞ «የፋንታ እንቁራሪት» ይላት ነበር፤ አረንጓዴ ናት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ስትነሣም እየዘለለች ነው። ፋንታ አባቴ ነው። ከገበያው ከፍ ብሎ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። እናቴ ወይንእሸት እዚያው ጎን ሻይና ቦምቦሊኖ ትሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ የማላውቀው ነገር እንደሌለም እርግጠኛ ነበርኩ።

መኪናዋ እንግሊዝ ሠራሽ ናት። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ በዘመኗ ለሽቅድምድም የሚነዷት ዓይነት። ለየትኛው መንገድ እንደተሠራች አላውቅም፤ ለእኛ ጠጠር መንገድ እንዳልሆነ ግን ለማንም ግልጽ ነበር። የመንገድ ጥናት ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ደብረ ማርቆስ ጥሏት ሄዶ፣ በሰው ግቢ ዶሮ እየፈለፈለባት ስትኖር አባቴ አያት። አይቶም አልቀረ። ለእናቴ ትንፍሽ ሳይል የምትታለበውን ላማችንን አውጥቶ ሸጠና ያቺን በጭነት መኪና አስጎትቶ መጣ። እናቴ የማለቢያ ዕቃዋን ይዛ ወደ በረት ሄዳ ባዶ በረት አይታ የተመለሰችበትን ጠዋት፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያልሰማ ዘመድ የለንም።

መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ አባቴ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መንገዱ አይታየውም፤ በግራ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አውጥቶ አይቶ «እለፍ» ወይም «ቆይ» ሊለው ይገባል። በግራ የምትቀመጠው እናቴ ናት። መኪናዋን እየረገመች ዓይኗን ታውሰዋለች ማለት ነው። «ቆይ… ቆይ… እለፍ! ምን ትጎለታለህ፣ እለፍ እንጂ!»

ይህ ሁሉ ሳያንስ ቡታጋዙ መጣ። ያን ጊዜ ቤንዚን ቢቸና ውስጥ በጀሪካን በድብቅ ነበር የሚሸጠው፤ ግማሹ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው። ሞተሩ በዚያ ታሞ ታሞ ሊሞት ሲል፣ አንዷለም የሚባል የሞጣ መካኒክ «ጋሼ፣ በቡታጋዝ እንሞክራታ» አለው። አባቴ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሁለቱ ተጋግዘው ከወንበሮቹ ኋላ ያለችውን ጠባብ ቦታ ለሲሊንደር አመቻቹ፣ የጋዝ መሄጃ ጎማ ዘረጉ፣ ከሞተሩ ጎን ጋዙን የምትመጥን ብረት አሰሩ። መኪናዋም ተነሣች። አባቴ እየጮኸ ገበያውን ዞረ፤ ሰው ግን ሲሊንደሩን ሲያይ እየሸሸ ነበር።

ችግሩ በቤታችን የነበረው ሲሊንደር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የእናቴ ምድጃ ሲሊንደር ነው። ባዶው በሙሉ የሚለወጠው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሲሊንደር ማግኘት ዘበት ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ስትሄድ ቦምቦሊኖ የለም፤ ቦምቦሊኖ ሲጠበስ መኪናዋ የለችም። አባቴ ዘይት ግሎ ሊጥ ሊገባ ሲል ብቅ ብሎ «ወይንዬ፣ ለአንዳፍታ» ይላል። እናቴ ጭልፋውን ታነሣለች። ደንበኞቿ እየሳቁ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በብርዱ ያቺ ብረት በረዶ ትይዛለች፤ አባቴ የእናቴን ማንቆርቆሪያ ወስዶ ሙቅ ውኃ ያፈስባታል። የሰፈር ልጆች በየማለዳው በአጥር ላይ ሆነው «እንቁራሪቷ ሻይዋን ጠጣች?» ይሉኝ ነበር። እንዴት እንደማፍር!

ይህም ሁሉ ቢሆን ሳቅ ነበር። ሳቁ የቆመው አያቴ የገዘቱ ቀን ነው።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ መሪጌታ አካለ ወልድ ሞጣ ነበር የሚኖሩት፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ሲሄዱም ተማሪዎቻቸው ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸዋል። አባቴ አማቱ ቡታጋዝ ያስነሣትን መኪና አይተው እንዲደነቁ ፈለገ። በጥምቀት ሰሞን ሄድን። መኪናዋን ደጃቸው ላይ አቆመና አንዷለምን ጠርቶ «ድምፅዋን አሳምርልኝ» አለው። አንዷለም ሞተሩን ከፍቶ አንድ ነገር ሲነካካ፣ አያቴ በበቅሏቸው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ልክ ደጁ ላይ ደረሱ። መኪናዋ ተኮሰች። ጥይት እንኳ እንደዚያ አይጮኽም። በቅሎዋ በኋላ እግሯ ቆመች፣ አያቴም ከነካባቸው መሬት ላይ ዱብ አሉ። ከተማሪዎቹ አንዱም አልሳቀም፤ ግን ሁሉም ሰማዩን ማየት ጀመሩ። አያቴ ይህን አይተዋል። ከወደቁበት ሳይነሡ፣ አባቴን እንደ ሰው ሳይቆጥሩ፣ ወደ እናቴ ዞረው፦

«ይህች ነገር በቤትሽ እስካለች ድረስ ደጄን እንዳትረግጪ! ገዝቼሻለሁ!» አሉ።

ግዝት ቀልድ አይደለም። እናቴ የገዘተው ራሱ መፍታት አለበት ብላ ታምን ነበር፤ ሳይፈታ ከሞተ የታሰረው እንደታሰረ ይቀራል። ሽማግሌ ላከችባቸው። አያቴ ለሽማግሌዎቹ «መኪናዋ አለች?» ይላሉ። «አለች» ይሏቸዋል። «እንግዲያው እሷም እዚያው ትኑር» ይላሉ። አባቴም እሸጣታለሁ ብሎ ማለ። ገዢ ሲመጣ ግን አጠገቡ ቆሞ የመኪናዋን ጉድለት አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል፤ «ሰው ማታለል አልወድም» ይላል። ሁለት ፋሲካ እንዲህ አለፈ። እናቴ የአባቷን ደጅ ሳትረግጥ ሁለት ፋሲካ አለፈ። በሌላ ነገር ሁሉ ትቀልዳለች፣ የሞጣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲገባ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ እንዴት ነው? ስለ እኔ ምን አለ?» ትላለች። ሰው ሁሉ «ደኅና ናቸው» ብቻ ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

ስልኩ የመጣው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቀን ጠዋት ነው። የቴሌ ተላላኪ መጥቶ «ለፋንታ ከሞጣ ስልክ» አለ። አባቴ ሄደና ቆየ። ሲመለስ ከጋሽ ደሴ ጋር ነበር፤ ጋሽ ደሴ የእድራችን ዳኛ ነው። አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ምድጃው ላይ ተክሎ፦

«ወይንዬ፣ መሪጌታ ትንሽ አመም አድርጓቸዋል አሉ» አለ።

እናቴ ዘይቱ ውስጥ ያለውን ቦምቦሊኖ እንኳ አላወጣችም። እሳቱን አጠፋች። ጎንበስ ብላ የሲሊንደሩን ጎማ በገዛ እጇ ፈታችው፣ አባቴ ካልከፈተላት በቀር ነክታው የማታውቀውን የመኪናዋን በር ከፍታ ሲሊንደሩን ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠችው።

«ይኸው። ንዳ!»

«ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ብንሄድስ? ይቺ ደግሞ ባሕሪዋን ታውቂያለሽ…»

«ነገ ቢሞትብኝስ? ሳይፈታኝ ቢሞትብኝስ? ንዳ ብዬሃለሁ!»

ልብሴን ልታመጣ ስትገባ እኔ ከአጥሩ ጋ ነበርኩ። ጋሽ ደሴ አባቴን ክንዱን ይዞ በሹክሹክታ ሲያወራው ሰማሁ።

«በቀን እንዳትገባ። ከመሸ በኋላ በፈንታነሽ ቤት በኩል ግባ። ሲነጋ እነሱ ይመጣሉ።»

«እስከዚያ ምን ላድርጋት? እየሮጠች እኮ ነው!»

«መኪናዋ ተበላሸች በላ። በዚች መኪና ማን ይጠራጠርሃል?»

ወዲያው ገባኝ። አያቴ ያቺን መኪና ካዩ ይቆጣሉ፤ ስለዚህ አባቴ በጨለማ አስገብቶ አክስቴ ፈንታነሽ ግቢ ሊደብቃት ነው። «እነሱ» ደግሞ አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ አያቴን ፈርቷል! መኪናዋን ሽጥ እንዳይሉት ፈርቷል! በንዴት ደሜ ፈላ። እናቴ ስትበር እሱ ሊጎትታት መሆኑ ነው።

አሁን ሁሉንም አውቄዋለሁ። አያቴ የዚያን ዕለት ዋዜማ ማታ ነው የሞቱት፤ ስልኩ ሲመጣ አስከሬናቸው ተገንዞ ነበር፣ ቀብሩ ለእኩለ ቀን ነው። ብንበር እንኳ አንደርስም። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ በጎህ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገራት። አንድ ሰው ብቻውን፣ መሪ ይዞ፣ ከኋላ ሕፃን አስቀምጦ አያረዳም። አባቴ ማድረግ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ የሐዘንተኛውን ድንኳንና የተዘቀዘቀውን ነጠላ በቀን እንዳታይ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሞጣ አለመግባት። እኔ ግን ያን ጊዜ ሲሊንደሩን አቅፌ ከወንበሮቹ ኋላ ተወትፌ፣ አባቴን ከኋላ ማጅራቱን እያየሁ እሰድበው ነበር፤ በልቤ።

ከቢቸና ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አባቴ «ስርጉትዬ፣ ደኅና ነሽ?» አለና እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጭንቅላቴን ዳበስ አደረገኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያው እጁ ከጭንቅላቴ ወርዶ የሲሊንደሩን መክፈቻ ወደ ቀኝ ሲያዞረው አየሁ። ጎማው ውስጥ የቀረችው ጋዝ ትንሽ ወሰደችን። ከዚያ ሞተሩ ሳል ሳል አለ፣ ቆመ።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ።

«በረዶ ሳትይዝ አትቀርም።»

«በዚህ ፀሐይ? በመጋቢት? ወይ አምላኬ! ላሜን ሽጦ በረዶ ገዛልኝ!»

አባቴ ወርዶ ሞተሩን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ረጅም ጊዜ ምንም የማይነካ እጁን እያወዛወዘ ቆየ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየቆመ መከረን። አንዱ «ግፏት» አለ፣ ሌላው «ጠበል እርጯት» አለ፣ አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና «በቅሎ ብትገዛ ምን ነበረበት?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። እናቴ «ንገሩልኝ አባቴ! ንገሩልኝ!» አለች። አባቴ ተመልሶ ገባ፣ እኔን ዳበስ አደረገ፣ መክፈቻውን አዞረ፣ መኪናዋ ተነሣች።

ይህ ከደብረ ወርቅ በፊት እንደገና ሆነ። ደብረ ወርቅ ስንደርስም ሆነ። እናቴ ከመኪናዋ ወርዳ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዞረች፣ ሦስት ጊዜ አማተበችና «እመቤቴ፣ እስክደርስ አቆዪልኝ። ይፍታኝና ከዚያ የወደድሽውን አድርጊ» አለች። አባቴ ይህን ሰምቶ ፊቱን ከሞተሩ ክዳን ኋላ ደበቀ። እኔ ያፈረ መሰለኝ። ይበለው አልኩ።

ከደብረ ወርቅ ወጥተን ለአራተኛ ጊዜ ስንቆም ትዕግሥቴ አለቀ። አባቴ ጀሪካን ይዞ «ውኃ ላምጣ» ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃ ለምን እንደሚያስፈልገው እንኳ አልተናገረም። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና እጆቿን ታፋትጋለች፣ ፀሐይዋን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች። ብድግ አልኩና በጆሮዋ፦

«እማዬ፣ አልተበላሸችም እኮ። አባዬ ነው የሚዘጋው» አልኳት።

«ምን?»

«ይኸው፣ ይኼን። እኔን የሚዳብስ መስሎ ይዘጋዋል። ሞጣ በቀን መግባት አይፈልግም። ጋሽ ደሴ ከመሸ ግባ ብሎታል። አያቴን ፈርቶ ነው! ሲነጋ ሰዎች ይመጣሉ ብሎታል!»

እናቴ የሲሊንደሩን መክፈቻ አየችው። ከዚያ ወደ ወንዙ አየች። አባቴ ጀሪካኑን ጎኑ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ነው የሚታየን። ውኃ አይቀዳም። ጭንቅላቱ በጉልበቶቹ መካከል ነው። እኔ ሰነፍ አልኩት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን አላየውም።

እናቴ በደንብ አይታዋለች። መናደድ አለባት ብዬ ፊቷን ስጠብቅ፣ ፊቷ ምንም አልሆነም፤ እጇ ብቻ ማፋተጉን ተወ።

«ለእኔ እንደነገርሽኝ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ስርጉት፣ ሰማሽ? አንዲት ቃል!»

«ለምን?»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

አባቴ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲመለስ እናቴ ስድቧን ጀመረች። እንደዚያ ቀን ስትሳደብ ሰምቼ አላውቅም። መኪናዋን ሰደበች፣ የሠሯትን እንግሊዞች ሰደበች፣ ጥሏት የሄደውን ፈረንጅ፣ አንዷለምን፣ ቡታጋዝን፣ በረዶን። አባቴ በጸጥታ ተሰደበ። ያኔ አንድም ነገር አልገባኝም። እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ «ክፈተው» ብትለው መኪናዋ ትሄዳለች። እሷ ግን ትሳደባለች እንጂ ክፈተው አትልም! ሁለቱም አብደዋል አልኩ።

ግንደወይን ስንደርስ ይባስ ብላ «ሻይ ልጠጣ» አለች። ጠዋት ዘይት ከነሊጡ ጥላ የሮጠች ሴት ሻይ አዝዛ ተቀመጠች። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባቴ «እንሂድ ወይስ?» ሲላት «ቆይ፣ አቧራው ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለች። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ከመኪናዋ ጎን ቆሜ በጫማዬ ጎማዋን እረግጥ ነበር።

ከግንደወይን ወጥተን ጥቂት እንደሄድን እህል የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። አቧራው መኪናዋን ሞላት። አባቴ ጥሩምባ ነፋ፣ አይሱዙው ወደ ጠርዝ ተጠጋልን።

«ልለፍ?» አለ አባቴ።

እናቴ አንገቷን አወጣች። እኔም ከኋላዋ ተንጠራርቼ አየሁ። መንገዱ እስከ ኮረብታው ድረስ ባዶ ነው፤ ውሻ እንኳ የለበትም።

«ቆይ» አለች። «መኪና ይመጣል።»

አባቴ ቆየ። ትንሽ ሄደን እንደገና «አሁንስ?» አለ። እንደገና አየች። ባዶ ነው።

«ቆይ፣ አውቶቡስ ነው።»

«እማዬ፣ የለም እኮ!» ልል አፌን ስከፍት ክርኗ ጉልበቴን አገኘው። በዚያ አቧራ ውስጥ፣ በአይሱዙ ጭራ፣ በእግረኛ ፍጥነት ሞጣ ድረስ ሄድን። የሚመጣ አውቶቡስ አልነበረም፣ የሚመጣ ምንም ነገር አልነበረም። እናቴ ግን «ቆይ» ትላለች፣ አባቴም ይቆያል። አቧራው ሲበዛ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጠቅልላ ተሸፈነች። አልፎ አልፎ ከነጠላው ውስጥ ትሳል ነበር፤ ለእኔ ሳል ነበር የመሰለኝ።

አድጌ ከባሕር ዳር ለበዓል ስመለስ አንድ ቀን ስለዚያ አይሱዙ ጠየቅኋት። አልካደችኝም። «እስኪነገረኝ ድረስ አባት ነበረኝ» አለችኝ። «ምን አስቸኮለኝ?» አባቴም በሌላ ቀን፣ እሷ በሌለችበት፣ መንገዱ ባዶ እንደነበረ ያውቅ እንደነበር ነገረኝ። ይመጣል ካለችው መኪና አንድም በጎናችን አላለፈም። «ታዲያ እንዳወቀች ካወቅህ ለምን አልነገርካትም?» አልኩት። አባቴ እንደ ሞኝ አየኝ። «ቆይ አለችኝ እኮ» አለ።

ሞጣ ስንገባ መሽቶ ነበር። አክስቴ ፈንታነሽ ከከተማው መግቢያ ባለው ቤቷ በር ላይ ጠበቀችን፤ ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «አባታችን ደኅና ናቸው፣ ተኝተዋል፣ ጠዋት ታያቸዋለሽ።» እናቴ «ይተኛ» ብቻ አለች። ከእህቷ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ። እኔ አባቴ መኪናዋን ከጓሮ አስገብቶ በሸራ ሲሸፍናት እያየሁ፣ ይኸው እንዳልኩት ደበቃት አልኩ። ደክሞኝ ስለነበር ወዲያው ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ኮቴ ሰማሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ቄስ ባንተአምላክ፣ የአያቴ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። ሽማግሌዎቹ ለእርቅ መጡ ብዬ ከመኝታዬ ዘለልኩ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልብሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ እንዲህ ሆና ነው የነጋላት። በሩን ማንም ሳያንኳኳ ራሷ ከፈተችው።

«ግቡ» አለች። «እናንተም አትጨነቁ፣ እሱንም አታስጨንቁት። አውቄያለሁ።»

ያን ጊዜ የጮኸው አባቴ ነው። ሊያረዷት የመጡት ሰዎች እሷን ሊይዙ ሲዘጋጁ፣ ይዘው ያረጋጉት እሱን ሆነ። እናቴ ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ እንዴት እንዳለቀሰች አልጽፈውም። እኔ አያቴ መሞታቸውን የተረዳሁት በዚያ ለቅሶ መካከል ነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም።

ወደ አያቴ ቤት በእግር ሄድን። ድንኳን ተተክሏል፣ ተማሪዎቻቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሁሉም ገባ። እናቴ ደጁ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ከደጁ ውጭ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ እትዬ? ግቢ እንጂ!» አለች ፈንታነሽ።

«አልገባም። ገዝቶኛል። ያቺም አለች፣ እሱም ሳይፈታኝ ሄዷል።»

ሴቶቹ ለመኗት። አንድ አጎቷ ተቆጣት፣ «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ታሰድቢናለሽ?» አላት። ቄስ ባንተአምላክ ቀርበው መስቀላቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ እኔ እፈታሻለሁ፤ ሥልጣኑ አለኝ።»

«እርስዎ አልገዘቱኝም አባ። አባቴ ነው የገዘተኝ። ደጁ ደግሞ የእሱ ነው። ከዚህ ሆኜ አለቅሳለሁ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ቢወተውቷት፣ ቢቆጧት ምንም የለም። አባቴ ከሰው ኋላ ነበር፣ ዓይኑ ያበጠ፣ ሸሚዙ የትናንቱ አቧራ ያለበት። እየተጋፋ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«ፈተውሻል» አለ።

እናቴ ቀና አላለችም።

«እውነቴን ነው። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለውልኝ ነበር። ቴሌ አስጠርተውኝ። ‹ልጄን ፈትቻታለሁ፣ ትምጣ› አሉኝ። እኔ… ከራሳቸው አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ለፋሲካ ልወስድሽ ነበር።»

ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። በዚያ ግቢ ያለ ሰው ሁሉ መሪጌታ አካለ ወልድ በሕይወታቸው የስልክ እጀታ ነክተው እንደማያውቁ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው አላነጋግርም እንደሚሉ ያውቃል። ቴሌ ቤት አንድም ቀን ረግጠው አያውቁም። አባቴ ከዚህ የተሻለ ውሸት ማግኘት ይችል ነበር። ግን ውሸት አይሆንለትም፤ መንገድ ላይም ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነበር። ቄስ ባንተአምላክ አክስቴን አንድ ጊዜ አዩዋት፤ አፏን ዘጋች። ከዚያ አባቴን አዩት፤ መስቀላቸውን በእናቴ ራስ ላይ አኖሩ።

«እሳቸው ፈትቻታለሁ ካሉማ ምን ቀረ?» አሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። አባቴ ግን መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

«መኪናዋንም» አለ። «‹እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ይንዳት› ብለዋል።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ በእንባና በትናንቱ አቧራ ተለውሷል። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ላሟ ስትሸጥ እንዳየችው፣ ዘይት ላይ እያለች ሲሊንደር ሲጠይቃት እንደምታየው።

«ኤዲያ!» አለች። «ይኼንስ አላለም። ለያቺ አይልም፤ አባቴን አውቀዋለሁ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ለእኔ ግን» አለች እናቴ፣ «ለእኔ ግን ብሎ ይሆናል።»

እጇን ዘረጋችለት፣ አነሣት። ነጠላዋን አስተካከለችና ደጁን ረገጠች።